ካፈርሁ አይመልሰኝ የሚል ፍርድ

ሕዝባችን «ካፈርሁ አይመልሰኝ» የሚል አነጋገር አለው። ይህም የሚነገረው መንገድ የሳተ ሰው መሳሳቱን ካወቀ በኋላ፣ ተመለስ ሲሉት ከፊቱ ካለው ገደል ይልቅ ኀፍረቱን ፈርቶ ወደ ፊት የገፋ እንደ ሆነ ነው። ይህ ጠባይ በተራ ሰው ላይ ሲታይ ያስቃል፤ የሚጎዳውም ባለቤቱን ነው። በዳኛ ላይ ሲታይ ግን ሌላውን ሰው ይገድላል። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው በፍርድ ወንበር ላይ ከተቀመጠው «ካፈርሁ አይመልሰኝ» ጋራ ነው።

አስቀድሜ ግን ከራሴ ልጀምር፤ ሌላውን የሚከስስ ሰው የራሱን መዝገብ ሊገልጥ ይገባዋልና። ብዙ ዘመን መምህር ነበርሁ። አንድ ጊዜ በማስተምርበት ክፍል የአንድ ተማሪ ገንዘብ ጠፋ። ሁለት ልጆች «ሲወስድ አይተነዋል» ብለው ስለ መሰከሩበት አንዱን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ቀጣሁት፤ ሌባ የሚለውንም ስም ከእኔ አፍ ተቀበለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከመሰከሩት አንዱ ብቻዬን አግኝቶኝ፣ ገንዘቡን የወሰደው ራሱ መሆኑን እያለቀሰ ነገረኝ። ያን ጊዜ ማድረግ የሚገባኝ ነገር ግልጽ ነበር፤ በዚያው ክፍል ፊት ቆሞ «ተሳስቻለሁ» ማለት። እኔ ግን፣ ነገሩ አልፏል፣ ልጁም ረስቶታል፣ አሁን ብቀሰቅሰው የመምህር ክብር ይቀንሳል ብዬ ዝም አልሁ። ልጁ አልረሳውም ነበር። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁት። ዛሬ በእርጅናዬ የሚቆጨኝ መሳሳቴ አይደለም፤ ሁለት ምስክር ሰምቶ መሳሳት በሰው ሁሉ ይደርሳል። የሚቆጨኝ ካወቅሁ በኋላ ዝም ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ነበር፤ ሁለተኛው ኀጢአት ነው።

ይህን የግል ጉዳዬን ያነሣሁት፣ እኔ በአንድ ክፍል ውስጥ ያደረግሁትን በታላቅ አገር ታላቅ ፍርድ ቤት ሕግ አድርጎ ሲጽፈው ስላየሁ ነው። አገሩ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነው። ነገሩም በአንድ ግዛት ፍርድ ቤት ነፍሰ ገዳይ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ወደ ፌዴራል ዳኛ የሚያቀርበው፣ ሃቢየስ ኮርፐስ የተባለው አቤቱታ ነው። አንዳንድ አንባቢ «የሩቅ አገር ሙግት ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አገር ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ዜግነት ያገኙትም ለጁሪ ተጠርተው በሰው ነፍስ ላይ ይፈርዳሉ። ይህም ባይሆን የሰው ነፍስ በየትም አገር ነፍስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸውን ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ሃቢየስ ኮርፐስ የላቲን ቃል ሲሆን ትርጓሜው አካሉን አቅርብ እንደ ማለት ነው። ዳኛው የወህኒውን አዛዥ «ይህን ሰው ወደ እኔ አምጣ፤ በምን ሕግ እንደ ያዝኸውም አስረዳ» ብሎ የሚያዝበት ጽሑፍ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1679 በሕግ አጸናው። አሜሪካኖችም በ1787 በጻፉት ሕገ መንግሥት፣ ዐመፅ ወይም ወረራ ተነሥቶ የሕዝብ ደኅንነት ካላስገደደ በቀር ይህ መብት እንዳይታገድ ደነገጉ። በአገራችንም ሕግ «አካልን ነፃ ማውጣት» ተብሎ ይታወቃል፤ በ1995 በሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ይገኛል። የእኛው የሚናገረው በጊዜው ወደ ፍርድ ቤት ስላልቀረበ እስረኛ ነው፤ የአሜሪካኖቹ ግን ከዚያ አልፎ የተፈረደበትንም ሰው ጩኸት ይሰማል።

እንዲሰማ ያደረገው የ1867 ሕግ ነው። የእርስ በርሳቸው ጦርነት በ1865 ካበቃ በኋላ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት የፌዴራል ዳኞች ከሕገ መንግሥቱ ውጭ በግዛቶች የታሰረውንም ሰው አቤቱታ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጣቸው። የዚህ ሕግ ጥበብ ቀላል ነው፤ አካባቢው በተቈጣ ጊዜ የአካባቢው ዳኛ ከቍጣው ውጭ ሊቆም ይከብደዋል፤ ስለዚህ የሠፈሩን ጩኸት ሳይፈራ ነገሩን የሚመረምር ሌላ ዳኛ ያስፈልጋል።

ሕግ መጻፉ ብቻ ግን አልበቃም። በ1913 በአትላንታ ከተማ ሊዮ ፍራንክ የሚባል አይሁዳዊ የፋብሪካ ኀላፊ፣ የ13 ዓመት ሠራተኛ ልጅ ገድሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ሕዝቡ ፍርድ ቤቱን ከብቦ ስለ ነበረ፣ ነፃ ቢባል ይገድሉታል ተብሎ ተሰግቶ ፍርዱ ሲነበብ ተከሳሹም ጠበቆቹም በችሎቱ አልነበሩም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1915 ነገሩን ተመልክቶ፣ የግዛቱ ፍርድ ቤቶች አይተውታልና ይበቃል ብሎ በ7 ድምፅ በ2 አሰናበተው። አገረ ገዥው የሞቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቢለውጥለትም፣ ሰዎች ተሰብስበው ከወህኒ አውጥተው በዛፍ ሰቀሉት። ከ71 ዓመት በኋላ በ1986 ግዛቱ ይቅርታ አድርጌለታለሁ አለ። ለአጥንት የተሰጠ ይቅርታ!

ከዚያ ፍርድ ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ያው ፍርድ ቤት ተመለሰ። በ1919 በአርካንሳስ ግዛት ኢሌን በምትባል ስፍራ አጠገብ፣ የጥጥ ዋጋቸውን በትክክል ለማግኘት ማኅበር ያቋቋሙ ጥቁር ገበሬዎች በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ሳሉ ተኩስ ተነሣ። ከነጮችም ጥቂት፣ ከጥቁሮችም እጅግ ብዙ ሰዎች ሞቱ። ለፍርድ የቀረቡት ግን ጥቁሮቹ ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም 12ቱ ሞት ተፈረደባቸው። ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሱት ስድስቱ እንዳመለከቱት፣ ችሎቱ የፈጀው 45 ደቂቃ ያህል ነው፤ ጁሪውም የመከረው ከ5 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ጠበቃቸውም አንድ ምስክር አልጠራም። በ1923 ዳኛ ሆልምስ፣ ዳኛውም ጁሪውም ጠበቃውም በሕዝብ ቍጣ ጐርፍ ከተወሰዱ ያ ችሎት የችሎት ጭንብል እንጂ ችሎት አይደለም፣ የፌዴራሉም ዳኛ እውነቱን ራሱ መመርመር አለበት ብለው ፈረዱ። እስከ 1925 ድረስ 12ቱም ከእስር ወጡ። አንባቢ ሆይ፣ አስተውል። ያ ፍርድ ቤት በ1915 የሠራውን በ1923 ባይመልስ ኖሮ ስድስቱ ሰዎች ባልዳኑም ነበር። ዳኛ ሲመለስ ክብሩ አይቀንስም፤ እንዲያውም የሚጨምረው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በሩ እንዲህ ከተከፈተ በኋላ ማን ዘጋው? በምንስ ዘጋው? መልሱ ያሳፍራል፤ የተዘጋው በቀን ቈጠራ ነው።

በ1953 ከሰሜን ካሮላይና ግዛት የመጣ የሁለት ጥቁር ወጣቶች ጉዳይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀረበ። ሞት ተፈርዶባቸዋል። የእምነት ቃላችንን የሰጠነው ተገድደን ነው፣ ጁሪውም ሲመረጥ በቀለማችን ምክንያት ወገኖቻችን ቀርተዋል ብለው ነበር። በግዛቱ ሕግ የይግባኙ ጽሑፍ እስከ 60 ቀን መድረስ ነበረበት፤ ጠበቆቻቸው በ61ኛው ቀን በእጅ አስረከቡት። በ60ኛው ቀን ለፖስታ ቤት ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ቢደርስም እንኳ በተቀበሉት ነበር። ስለ አንዲት ቀን የግዛቱ ፍርድ ቤት አልሰማም አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ግዛቱ ካልሰማ እኔም አልሰማም አለ። በዚያው ዓመት ሁለቱም ተገደሉ። ተገድደው ተናግረው ነበርን? ጁሪው አድልዎ ነበረበትን? ይህን የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች አልመለሱም፤ የመለሱት የቀን መቍጠሪያውን ጥያቄ ነው። በዚያው የፍርድ መዝገብ ውስጥ ዳኛ ጃክሰን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ የሆነው ስለማይሳሳት እንዳልሆነ፣ የማይሳሳት የሚባለውም የመጨረሻ ስለ ሆነ ብቻ እንደ ሆነ መጻፋቸው ይደንቃል። ይህን ያወቀ ሰው እንዴት ያስቈጥራል አንዲት ቀን?

ከአሥር ዓመት በኋላ በ1963 በጎ ዘመን መጣ። ኖያ የሚባል ሰው በ1942 በኒው ዮርክ ከሁለት ሰዎች ጋራ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ነበር። ሁለቱ ይግባኝ ብለው፣ የእምነት ቃላቸው ተገድደው የሰጡት መሆኑ ታውቆ ተለቀቁ። ኖያ ግን እንደ ገና ቢፈረድብኝ ሞት ይመጣብኛል ብሎ ፈርቶ ይግባኝ አላለም ነበርና በእስር ቀረ። የእርሱም ቃል በግድ የተወሰደ መሆኑን ግዛቱ ራሱ አምኖ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ቀጠሮ ስላለፈበት ሰውን ከሕግ ውጭ አስሮ ማኖር አይገባም ብሎ በሩን ከፈተለት። ይህ ፍርድ ለዘላለም በጸና ነበር መልካም። ነገር ግን በ1977 ጠበበ፤ በ1991ም ፈጽሞ ፈረሰ።

የፈረሰው በሮጀር ኮልማን ጉዳይ ነው። ይህ ሰው በቨርጂኒያ ግዛት በነፍስ ግድያ ሞት ተፈርዶበት ነበር። ጠበቆቹ የይግባኙን ማስታወቂያ በ30 ቀን ውስጥ ማስገባት ሲገባቸው ሦስት ቀን አሳልፈው አስገቡት። የፍርዱን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ኦኮነር ሲጀምሩ፣ ይህ ጉዳይ የፌዴራሊዝም ጉዳይ ነው አሉ። እንዲህ ላለው አቤቱታ ግዛቱ ጠበቃ የማቆም ግዴታ ስለሌለበት፣ ጠበቃ ቢያጠፋ ጥፋቱ የደንበኛው ነው፤ ስለዚህ ሦስቱን ቀን ያሳለፈው ኮልማን ራሱ እንደ ሆነ ይቈጠራል ተባለ። ዳኛ ብላክመን ግን በጽሑፉ ውስጥ ስለ ሰውየው መብት አንድ ቃል ፈልጌ አጣሁ ብለው ተቃወሙ። በግንቦት 1992 ኮልማን በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ።

ስለዚህ «የጠበቃ ጥፋት የደንበኛው ነው» ስለሚለው ነገር ጥቂት ልናገር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት የሚባለው ይህ ነው። በወህኒ ያለ ሰው፣ ያውም ድኻ፣ ያውም ሕግ የማያውቅ፣ የጠበቃውን የቀን መቍጠሪያ ይቈጣጠር ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? በገንዘብ ሙግት፣ ወኪሌ ዘነጋ የሚል ሰው በወኪሉ ላይ ካሳ ይጠይቃል። የተገደለ ሰው ካሳውን ከማን ይቀበላል? ቀኑን ያሳለፈው ጠበቃ ወደ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል፤ ቀኑን ያላሳለፈው ሰው ወደ ወንበሩ ይወሰዳል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ባነበብሁት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሶስና ታሪክ አልነበረም፤ ያገኘሁት ዐዋቂ ከሆንሁ በኋላ በአባቶቻችን መጽሐፍ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት መሰከሩባት፤ ሸንጎውም አምኖ ሞት ፈረደባት። ወደ ሞት ስትወሰድ ዳንኤል የሚባል ወጣት ጮኾ ሕዝቡን ወደ ሸንጎው መለሳቸው፤ ሁለቱን ምስክሮች ለያይቶ በምን ዛፍ ሥር እንዳዩአት ቢጠይቃቸው አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠሩ፤ ንጹሕቱም ዳነች። የ1991 ዳኞች በባቢሎን ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ዳንኤልን ምን ይሉት ነበር? «ጠበቃዋ ይህን ጥያቄ ከፍርድ በፊት አንሥቶ ነበርን? ካላነሣ አልፎበታል። ፍርዱ ከተሰጠስ ስንት ቀን ሆነው? የባቢሎን አይሁድ ሸንጎ ራሱን የቻለ ሸንጎ ነው፤ እኛ አንነካውም» ባሉት ነበር። ሶስናም በሥርዐት፣ በማኅተም፣ በመዝገብ ቍጥር በተወገረች ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1993 በሄሬራ ጉዳይ፣ አንድ ሰው በትክክለኛ ሥርዐት ከተፈረደበት በኋላ «ንጹሕ ነኝ፤ አዲስ ማስረጃ አለኝ» ማለቱ ብቻውን የፌዴራሉን በር አይከፍትም ተባለ። የቴክሳስ ግዛት ሕግ አዲስ ማስረጃ ለማቅረብ የሰጠው 30 ቀን ብቻ ነበር። ሰውየው ያቀረበው ማስረጃ ብርቱ ነበር አልልም፤ ጁሪው ከፈረደ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ፣ ጥፋቱንም በሞተ ወንድሙ ላይ የሚጥል ቃል ነበር። የምቃወመው ነገሩን ሳይሆን ደንቡን ነው። ንጽሕና በፍርድ ቤት ፊት ምክንያት ካልሆነ ምን ምክንያት ይሆናል?

ከዚያም በሚያዝያ 1995 በኦክላሆማ ከተማ አንድ ክፉ ሰው ያፈነዳው ቦምብ 168 ሰው ገደለ። አገሩ በሐዘንና በቍጣ ተናወጠ። በማግሥቱ ዓመት በ1996 ምክር ቤቱ ሽብርን ለመከላከልና የሞትን ቅጣት ውጤታማ ለማድረግ የሚል ስም ያለው ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም ፈረሙበት። ይህ ሕግ በግዛት ለተፈረደበት ሰው ሁሉ የፌዴራሉን አቤቱታ የአንድ ዓመት ይርጋ አደረገበት። ደግሞም የፌዴራሉ ዳኛ የግዛቱን ፍርድ ስሕተት ሆኖ ቢያገኘው እንኳ ስሕተቱ ከምክንያታዊነት ውጭ ካልሆነ አይንካው አለ። እንግዲህ ስሕተት በሁለት ተከፈለ፤ የሚታረም ስሕተትና የማይታረም ስሕተት። በቁጣ ቀን ለሽብርተኛ የተሠራ ወጥመድ፣ በየወህኒው ያለውን ድኻ ሁሉ የሚይዝ ሆነ።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ንጋትን ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ መጀመሪያ ጨለማ ነው፣ ቀጥሎ ጭጋግ፣ ቀጥሎ ዛፉና ሰው ይለያያል። ያ ሕግ ግን እውነትን «በአንድ ዓመት ውስጥ ካልጠራሽ አትምጪ» አላት። የፈራ ምስክር ከአሥር ዓመት በኋላ ይናገራል፤ የተደበቀ ሰነድ ከሃያ ዓመት በኋላ ይገኛል፤ በልብስ ላይ የቀረ የደም ምልክት በዲ.ኤን.ኤ. የሚመረመርበት ጥበብ ከፍርዱ በኋላ ይመጣል። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እጅግ ብርቱ የንጽሕና ማስረጃ ያለው ሰው ዓመቱ ቢያልፍበትም እንዲሰማ ጥቂት ቀዳዳ ከፍቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቀዳዳ በር አይደለም።

በር አለመሆኑም በ2022 ታየ። በአሪዞና ግዛት ባሪ ጆንስ የሚባል ሰው አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን ገድሏል ተብሎ በ1995 ሞት ተፈረደበት። የመጀመሪያዎቹ ጠበቆቹ ሕፃኒቱ በየትኛው ሰዓት እንደ ተጎዳች የሕክምና ማስረጃውን አላስመረመሩም። ከፍርዱ በኋላ የቆመለት ጠበቃም ይህን ጥፋት ሳይገልጥ አለፈ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የፌዴራል ዳኛ ሰባት ቀን ተቀምጦ ምስክሮችን ሰማ፤ በሕክምና ዐዋቂዎች ቃልም ነገሩ ዐቃቤ ሕግ እንዳለው እንዳልተረጋገጠ አይቶ በ2018 ፍርዱን ሻረ። ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። የግዛቱ ነገረ ፈጅ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቆሞ በዚህ ጉዳይ ንጽሕና አይበቃም እስከ ማለት ደረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ6 ድምፅ በ3፣ ሁለተኛው ጠበቃ በግዛቱ ፍርድ ቤት ያላቀረበውን ማስረጃ የፌዴራሉ ዳኛ ሊመለከት አይገባም ብሎ ፈረደ። የፍርዱን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ቶማስ ሲሆኑ፣ ዳኛ ሶቶማዮር ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋራ አጥብቀው ተቃወሙ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር እንደ ገና አንብበው። ዳኛው ሰምቷል፤ የሰማውን እንዳልሰማ ይቍጠር ተባለ። ዓይኑ በርቶ አይቷል፤ ያየውን እንዳላየ ይሁን ተባለ። ባሪ ጆንስ በሰኔ 2023 ከወህኒ ወጣ፤ ያወጣው ግን ያ ፍርድ ቤት አይደለም። የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ሞት ያስፈረደበት ክስ እንዲነሣ ተስማምቶ፣ እርሱም የተጎዳችውን ሕፃን ወደ ሐኪም ባለመውሰዱ ባነሰ ወንጀል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ፣ ከ28 ዓመት በላይ የታሰረው በቂ ነው ተብሎ ነው። በሕግ በር ሳይሆን በስምምነት መስኰት ወጣ። መስኰት ያላገኘውስ?

አሁን ከእኔ በተቃራኒ የሚቆሙት ሰዎች የሚሉትን በቅንነት ልመልከት፤ የሚናቅ ነገር አይናገሩምና።

አንደኛ፣ «ሙግት መጨረሻ ሊኖረው ይገባል» ይላሉ። የሟቹ እናት፣ ሚስት፣ ልጆች ሃያ ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ቍስላቸው አይደርቅም። ይህ እውነት ነው፤ እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ያች እናት የምትሻው የልጇ ገዳይ እንዲቀጣ እንጂ ማንም ሰው እንዲቀጣ አይደለም። ንጹሕ ሰው በተገደለ ጊዜ እውነተኛው ገዳይ ነፃ ሆኖ በመንገድ ይሄዳል። ለእርስዋ የተሰጣት የውሸት ዕረፍት ነው። መጨረሻ መልካም የሚሆነው እውነት ላይ ሲደርስ ነው እንጂ ሲደክሙ መቀመጥ መጨረሻ አይባልም።

ሁለተኛ፣ «ከሚጮኹት አብዛኞቹ በእርግጥ ያጠፉ ናቸው» ይላሉ። ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። እንዲያውም እኔ ራሴ የሚከብደኝን ነገር ልናገር። ከላይ የጠቀስሁት ኮልማን ንጹሕ ነኝ እያለ ሞተ፤ ብዙዎችም አመኑት። በ2006 አገረ ገዥው ባዘዘው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ግን ጥፋተኛነቱ ተረጋገጠ። በሩን የዘጉት ሰዎች ያን ቀን «አላልንምን?» አሉ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ በ1992 ሲገድሉት ይህን ያውቁ ነበርን? አላወቁም፤ ሊያውቁም አልወደዱም። ዐይኑን ጨፍኖ ድንጋይ የወረወረ ሰው ጅቡን ቢመታ፣ ሕፃኑን አለመምታቱ ጥበብ አይባልለትም። ያ ምርመራ ከሞቱ በኋላ ሊደረግ የተቻለውን ያህል፣ ከሞቱ በፊት ሁሉን ሰምቶ በሙሉ እምነት መፍረድ ይገባ ነበር። እኔ የምለው ሁሉ ይፈታ አይደለም፤ ሁሉ ይሰማ ነው። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትሮይ ዴቪስ ጉዳይ እንዲሰማ አዘዘ፤ ዳኛው በ2010 ሰምቶ ማስረጃው አይበቃም አለ፤ ሰውየውም በ2011 በጆርጂያ ተገደለ። በፍርዱ የማይስማሙ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ምስክሮቹ በዳኛ ፊት ቆመው ተጠይቀዋል። በዚያ ጊዜ ሁለት ዳኞች ይህ መስማት እንኳ አያስፈልግም ማለታቸው ነው የሚያስፈራኝ።

ሦስተኛ፣ «ፍርድ ቤት ቢዘጋ የአገረ ገዥ ምሕረት አለ» ይላሉ። ምሕረት ታላቅ ነገር ነው፤ ግን ለበደለኛ ነው። ያልበደለ ሰው የሚለምነው ምሕረት ሳይሆን ፍርድ ነው። ደግሞም አገረ ገዥ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ሰው ነው። በ1867 የፌዴራሉ በር የተከፈተው ከአካባቢ ቍጣ የሚያመልጡበት ስፍራ እንዲሆን ነበር፤ እነሆ ተመልሰው ወደዚያው ቍጣ ይልኩታል።

አራተኛ፣ ከእኛም ሰዎች አንዳንዱ «በሕግ የሄደች በቅሎዬ ሳትሆን ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ሥርዐቱ ከተጠበቀ ውጤቱን መቀበል ነው ይል ይሆናል። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ስለ በቅሎና ስለ ጭብጦ ነው የተነገረው። በቅሎ ብትሄድ ሌላ በቅሎ ትገዛለች። ስለ ነፍስ እንዲህ ያለ ተረት አባቶቻችን አላወጡም። ደግሞም ሥርዐት የተሠራው እውነትን ለማግኘት ነው፤ ድልድይ ወንዝን ለመሻገር እንደሚሠራ። ድልድዩ ሰውን ከወንዙ መካከል የሚጥል ከሆነ ድልድዩ ይታደስ እንጂ የወደቀውን ሰው «በሥርዐት ወድቀሃል» አይሉትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። የሰው ነፍስ ወይም ዕድሜ ልክ እስራት ባለበት ጉዳይ የጠበቃ ቸልታ በደንበኛው ላይ አይቈጠር። ንጽሕናን የሚያሳይ ማስረጃ ይርጋ አይኑረው፤ በመጣበት ቀን ሁሉ ይሰማ። የፌዴራሉም ዳኛ ሲጠየቅ «ይህ ስሕተት ከምክንያታዊነት ውጭ ነውን?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?» ብሎ ይመርምር። የ1996ን ሕግ ያወጣው ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤት የጻፈውን ምክር ቤት ይሰርዘዋል። የ1915ን ፍርድ በ1923 የተመለሰ ፍርድ ቤት፣ የ1991ንና የ2022ንም መመለስ ይችላል። ሥልጣን አላጡም፤ ያጡት «ተሳስተናል» የምትለውን አንዲት ቃል ነው።

ለወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። በዚያ አገር በጁሪ ወንበር የምትቀመጡ ልጆቻችን ሆይ፣ «እኔ ብሳሳት በላይ ያለው ያርመዋል» ብላችሁ በቀላሉ እጃችሁን አታንሡ። ከላይ እንዳያችሁት በላይ ያለው በር ጠባብ ነው፤ ምናልባትም ያን ሰው በእውነት የምትሰሙት የመጨረሻዎቹ ሰዎች እናንተ ናችሁ። በቤታችሁም፣ በትምህርት ቤታችሁም፣ በመሥሪያ ቤታችሁም በሌላው ላይ በፈረዳችሁ ጊዜ፣ ስሕተታችሁ ቢታወቃችሁ ቀን አትቍጠሩ፤ ዛሬውኑ ተመለሱ።

እኔ ያን ልጅ ዛሬ ባገኘው የሚነግረውን ዐውቃለሁ። ነገር ግን የት እንዳለ አላውቅም፤ በሕይወትም ይኑር አይኑር አላውቅም። የቈየ እውነት ይህ ነው ክፋቱ፤ ሊናገሩት ሲዘጋጁ የሚሰማው ሰው አይኖርም። እኔ በአንድ ልጅ ስም ላይ ያደረግሁት እንዲህ ከከበደኝ፣ በሰው አንገት ላይ ያደረጉት እንዴት ይተኛሉ?